ዣን ሚሼል ዣር ያለ ርችት፦ የመድረክ ቅጂዎቹ በጆሮ ሲመዘኑ

ፈረንሳዊው ዣን ሚሼል ዣር በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የሠራ አንጋፋ ቢሆንም፣ ስሙ ሲነሣ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው የሰማውን ሳይሆን ያየውን ነው። ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎችን እንደ ስክሪን ይጠቀማል፤ ሰማዩን በርችት ይሞላል፤ በሌዘር ጨረሮች መሃል ቆሞ በጓንት በተሸፈነ እጁ ድምፅ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1979 በፓሪሱ ኮንኮርድ አደባባይ 1 ሚሊዮን፣ በ1997 በሞስኮ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ፊት እንደተጫወተ ይነገርለታል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውም ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጅማ ተቀምጦ የእነዚህን ዝግጅቶች ቅጂ ለሚያዳምጥ ሰው ግን ርችቱም፣ ሕንፃውም፣ ሕዝቡም የሉም፤ ያለው ድምፁ ብቻ ነው። በእኔ እምነት ይህ ጉድለት ሳይሆን የተሻለው መመዘኛ ነው፤ ምክንያቱም ቅጂዎቹ በዚህ መንገድ ሲመዘኑ የሚያገኙት ደረጃ ከዝናቸው ደረጃ ፈጽሞ የተለየ ሆኖ ይገኛል። መሣሪያዎቹ ሁሉንም ነገር በራሳቸው መሥራት ባልቻሉበት ዘመን ወይም እንዳይሠሩ ሆን ተብሎ በተከለከሉበት ዝግጅት የተቀዳው ሙዚቃ፣ ከትልልቆቹና ከታዋቂዎቹ ቅጂዎች ይበልጣል።

ስለ ሰውየው በአጭሩ ለማስታወስ ያህል፣ ዣር የተወለደው በ1948 በሊዮን ከተማ ነው። አባቱ ሞሪስ ዣር ለታላላቅ ፊልሞች ሙዚቃ በመድረስ የታወቀ ሰው ነበር፤ ልጁ ግን በወጣትነቱ የገባው ፒየር ሼፈር ወደ መሠረተው የሙዚቃ ምርምር ቡድን ሲሆን፣ በዚያም የቴፕ መቅጃንና የድምፅ ማመንጫን እንደ ሙዚቃ መሣሪያ መያዝን ተማረ። በ1976 ያወጣውና ዝናን ያተረፈለት «ኦክሲዤን» የተሰኘው አልበም የተቀዳው በትልቅ ስቱዲዮ ሳይሆን በፓሪስ መኖሪያው ባደራጀው ክፍል ውስጥ ነው። ብቻውን፣ ድምፅ በድምፅ ላይ እየደረበ የሠራው ሙዚቃ ነበር። የመድረክ ቅጂዎቹ ሁሉ ችግር የሚመነጨውም ከዚህ ነው፦ አንድ ሰው በብዙ ወራት አንዱን በአንዱ ላይ እየጫነ የሠራውን ነገር በአንድ ሌሊት በሕዝብ ፊት እንዴት ይጫወተዋል?

ይህን ጥያቄ ለማንሣት ፓሪስ መወለድ አያስፈልግም። በሠርግ ወራት በጅማ ሠፈሮች የሚዘዋወር ሰው፣ አንድ ኦርጋን ተጫዋችና አንድ ድምፃዊ ሙሉ ባንድ ተክተው ድንኳኑን ሲያናውጡት ይሰማል። ዘፈኑ በአፋን ኦሮሞም ይሁን በአማርኛ፣ ከበሮውም፣ ባሱም፣ አንዳንዴ ማሲንቆውም ሳይቀር የሚወጣው ከዚያችው ኪቦርድ ነው። ታዳሚው ተጫዋቹ በእጁ የሚመታውን አስቀድሞ ከጫነው ስታይል ለይቶ ያውቃል፤ ፕሌይባክ የሚባለውን ነገር ለመናቅም የሙዚቃ ትምህርት ቤት መግባት አላስፈለገውም። ከዣር የመድረክ ሥራዎች አንዱን ያሰማሁት ወጣት ኦርጋን ተጫዋች መጀመሪያ የጠየቀኝ «ጋሼ፣ ሰውዬው በእጁ ነው የሚጫወተው ወይስ ጭኖት ነው የመጣው?» ብሎ ነው። ዣር ራሱ በሙያ ዘመኑ ሁሉ ደጋግሞ የተወቀሰው በዚሁ ነው፤ በግዙፎቹ የአደባባይ ዝግጅቶቹ ላይ ከሚሰማው ድምፅ ብዙው አስቀድሞ የተቀዳ ነው የሚሉ ተቺዎች ጠፍተው አያውቁም። ስለዚህ እያንዳንዱን ቅጂ ሳዳምጥ የወጣቱን ጥያቄ ይዤ ነበር።

ከሁሉም የላቀ ሆኖ ያገኘሁት በ1982 በሁለት ሸክላ የወጣውን የቻይና ኮንሰርቶች ቅጂ ነው። ዣር ወደ ቻይና የሄደው በ1981 መኸር ሲሆን፣ በቤጂንግና በሻንጋይ በድምሩ 5 ዝግጅቶችን አቀረበ። ከባህል አብዮቱ በኋላ በቻይና ምድር እንዲጫወት የተጋበዘ የመጀመሪያው የምዕራቡ ዓለም ዘመናዊ ሙዚቀኛም እሱ ነበር። የዝግጅቶቹ ታሪክ ራሱ መሰማት ያለበት ነው። በቤጂንግ የነበረው የኤሌክትሪክ ኃይል መድረኩንና አዳራሹን አንድ ላይ ለመሸከም ስላልበቃ፣ ባለሥልጣናቱ በዙሪያው ለሚገኙ ሠፈሮች የሚሄደውን መብራት ለጊዜው አቋርጠው ለዝግጅቱ እንዲውል አደረጉ። (እኛ ዘንድ ኮንሰርት ሳይኖርም ሠፈር ስለሚጨልም፣ ይህን ክፍል የጅማ አንባቢ ሳይደነቅ ሊያልፈው ይችላል።) የከተማዋ አውቶቡሶች ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ሥራ ስለሚያቆሙ ደግሞ፣ ከመጀመሪያው ምሽት ታዳሚዎች ግማሽ ያህሉ ትርዒቱ ሳያልቅ ተነሥተው ሄዱ። በሁለተኛው ምሽት ዣር ራሱ ትኬት ገዝቶ በመንገድ ላይ ላገኛቸው ልጆች አደለ።

የዚህን ቅጂ ሙዚቃ ከሌሎቹ የለየው ግን ታሪኩ ሳይሆን ዘመኑ ነው። የልዩ ልዩ አምራቾችን ኪቦርዶች፣ የከበሮ ማሽኖችና ኮምፒውተሮች በአንድ ገመድ የሚያግባባው ሚዲ የተባለው ሥርዓት የወጣው በ1983 ነው፤ ዣር ቻይና የገባው ከዚያ በፊት ነው። በ1981 አንዱን መሣሪያ ከሌላው ጋር ማስኬድ የሚቻለው በአብዛኛው በኤሌክትሪክ ምት ሲሆን፣ ሲኩዌንሰር የሚባለው ድምፆችን በቅደም ተከተል እየደጋገመ የሚያጫውት መሣሪያ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ጥቂት ተደጋጋሚ ድምፆችን ነበር፤ ከዚያ በላይ የሆነውን አብዛኛውን ሰው በእጁ መምታት ነበረበት። ስለዚህ ከዣር ጋር ሌሎች ሦስት ሰዎች በመድረኩ ላይ ቆሙ፦ ፍሬድሪክ ሩሶና ዶሚኒክ ፔሪየ በኪቦርዶች፣ ሮዤ ሪዚቴሊ ደግሞ በኤሌክትሮኒክ ከበሮ። በስቱዲዮ ሥራው ከሰዓት ሳይዛነፍ ይሄድ የነበረው «ኤኪኖክስ 4» እዚህ ሲሰማ ከበሮው ትንፋሽ አለው፤ አንዳንዴ ወደፊት ይገፋል፣ አንዳንዴ ከማሽኑ ምት በጥቂቱ ወደ ኋላ ይቀርና መልሶ ይይዘዋል። ይህ ጥቂት መዛነፍ ለእኔ የቅጂው ትልቁ ሀብት ነው። መሣሪያው የሚደግመውና ሰው የሚጨምርበት ነገር ተለይቶ ይሰማል፤ በጥንቃቄ የሚያዳምጥ ሰው የአራቱን ሰዎች ሥራ አንድ በአንድ መከታተል ይችላል።

የሌዘር በገናው ለሕዝብ የቀረበውም በእነዚሁ ዝግጅቶች ላይ ነው። በርናር ዣይነር የተባለ ፈረንሳዊ የፈለሰፈው ይህ መሣሪያ ክር የለውም፤ ከታች ወደ ላይ የሚወጡ የብርሃን ጨረሮች አሉት፣ ተጫዋቹ አንዱን ጨረር በእጁ ሲጋርድ ከጨረሩ ጋር የተያያዘው ድምፅ ይነሣል። በዓይን ሲታይ ተአምር ይመስላል። በጆሮ ብቻ ሲሰማ ግን ውስን መሣሪያ መሆኑ ይገለጣል፤ ጨረሮቹ ጥቂት ናቸው፣ በብርታትና በልስላሴ መምታት የሚባል ነገርም የለም። በአልበሙ ውስጥ በበገናው ስም የተሰየመው ክፍል የታሪክ ማስታወሻ እንጂ የሙዚቃው ከፍታ አይደለም። በገና ብለን የምንጠራውን የራሳችንን መሣሪያ የሰማ ሰው ደግሞ ስሙ ብቻ አንድ መሆኑን ወዲያው ይረዳል።

ከፍታው ሌላ ቦታ ነው ያለው። ዣር ከቤጂንግ የሙዚቃ ኮንሰርቫቶሪ ባህላዊ ኦርኬስትራ ጋር የሠራውና ጀንበር ስትጠልቅ ስለሚመለሱ የዓሣ አጥማጆች ጀልባዎች የሚናገረው ክፍል፣ በነባር የቻይና ዜማ ላይ የተመሠረተ ነው። ዜማው የሚንቀሳቀሰው በአምስት ድምፆች ብቻ ሲሆን፣ የእነዚህ አምስት ድምፆች አቀማመጥ እኛ የትዝታ ሜጀር ቅኝት ከምንለው ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ ጆሮ ይህን ክፍል እንደ ፈረንሳዊው አድማጭ እንደ እንግዳ ነገር አይቀበለውም፤ የቻይና ክሮች ዜማውን ሲጎትቱት ድምፃዊ የሚገባበትን ቦታ ሳናስበው መጠበቅ እንጀምራለን። ቅላጼው ግን የእኛ አይደለም፤ እኛ በማሲንቆ የምናንቀጠቅጠውን ድምፅ እነሱ በጣት ክሩን ተጭነው ያወዛውዙታል። የሲንተሳይዘሩ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክ ድምፅ ማመንጫው፣ ድርሻ እዚህ ላይ በጣም ቁጥብ ነው፤ ከበታች እንደ ንጣፍ ተዘርግቶ ባለ ክሮቹን አያውካቸውም። ዣር በሌሎች ሥራዎቹ ይህን ያህል ራሱን ሲገታ አልሰማሁትም።

ቅጂው ነቀፌታ የሌለበት አይደለም። በመጨረሻ የተቀመጠውና የካሜራ ድምፅ የሚሰማበት የቻይና ትዝታ የተባለው ዝነኛ ክፍል የስቱዲዮ ሥራ ነው፤ ውብ ሙዚቃ ቢሆንም በመድረክ ቅጂ ውስጥ መቀላቀሉ አድማጭን ያሳስታል። ሩምባ የሚል ስም የተሰጠው ክፍልም ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ቀልድ ይመስላል፤ ቢዘሉት የሚቀር ነገር የለም።

በ1987 የወጣው የሂዩስተንና የሊዮን ኮንሰርቶች ቅጂ በታሪክ ከቻይናው ይከብዳል፣ በሙዚቃ ግን ይቀልላል። የሂዩስተኑ ዝግጅት የቀረበው ሚያዝያ 5 ቀን 1986 ቴክሳስና የሂዩስተን ከተማ 150ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ሲሆን፣ 1.3 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ እንደተመለከተው ይነገራል። ሰው በአውራ ጎዳናዎች ላይ መኪናውን እያቆመ ለማየት በመውረዱ መንገዶች እስከ መዘጋት ደርሰው ነበር። ከዚያ በፊት ሮን ማክኔር የተባለው የጠፈር ተመራማሪ ሳክስፎኑን ይዞ ወደ ጠፈር ሊወጣና አንዱን ክፍል ከላይ ሆኖ ሊጫወት ታስቦ ነበር። ቻሌንጀር የተባለችው መንኮራኩር ጥር 28 ቀን 1986 ከተነሣች ከአንድ ደቂቃ ጥቂት በኋላ ስትፈነዳ ማክኔርና ስድስት ባልደረቦቹ ሞቱ። በኮንሰርቱ ላይ ሳክስፎኑን የተጫወተው ከርክ ዌይለም ነው፤ ክፍሉም በሟቹ ስም ተሰየመ። በአልበሙ ውስጥ በሰው ትንፋሽ ብቻ የሚሄድ አንድ ዜማ ቢኖር ይህ ነው፤ ዌይለም ዜማውን አያስጌጠውም፣ ሐዘኑንም አያጋንነውም። ታሪኩን የማያውቅ ሰው እንኳ ቢሰማው ቆም ማለቱ አይቀርም።

የተቀረው ክፍል ላይ ግን ቅሬታ አለኝ፤ ምክንያቱን ለመረዳትም የድምፅን ተፈጥሮ ማስታወስ ይጠቅማል። ድምፅ በአየር ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ሕዝብ በኪሎ ሜትሮች ላይ በተዘረጋበት ዝግጅት ድምፅ ማጉያዎቹ በየቦታው ይተከላሉ፣ ከሕንፃዎቹም ማሚቶ ይመለሳል፤ ፈጣንና ረቂቅ ዜማ እንዲህ ባለ ቦታ እርስ በርሱ ተደባልቆ ይጠፋል። ዣር ለዚህ ያገኘው መፍትሔ ሰፋፊና ዘገምተኛ ዜማ፣ የመዘምራን ጓድና ከባድ ከበሮ ነበር። ለሂዩስተን ሌሊት መፍትሔው ትክክል ሳይሆን አልቀረም። በጅማ በአንድ ክፍል ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ለሚሰማው ሰው ግን ያ ርቀት የለም፤ ርቀቱን ለማሸነፍ የተጋነነው ነገር ሁሉ እንደተጋነነ ይቀራል። መዘምራኑ በሌዘር በገናው ድምፅ ላይ ሲጮኹ የሚሰማው ግርማ ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይማርካል፣ ከዚያ በኋላ ይሰለቻል። የሊዮኑ ዝግጅት በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ከተማዋን ሲጎበኙ በዣር የትውልድ ከተማ የቀረበ ነው፤ ሁለቱን ሌሊቶች በአንድ አልበም ማዳበሉ ግን ሁለቱንም ጎድቷቸዋል፤ በቴክሳስ የጀመርነውን በፈረንሳይ ስንጨርስ የቦታ ለውጥ መደረጉን የሚነግረን ከሽፋኑ በቀር ምንም የለም።

የቦታው ጉዳይ በሁሉም ቅጂዎች ላይ የሚታይ ስለሆነ ጥቂት ልበልበት። ክራርና ማሲንቆ በአየር ውስጥ ድምፅ ስለሚያወጡ፣ ማይክሮፎኑ መሣሪያውን ሲቀዳ አዳራሹንም አብሮ ይቀዳል። ሲንተሳይዘር ግን ከገመዱ ቀጥታ ወደ ሚክሰሩ (ድምፆችን ወደሚያደባልቀው መሣሪያ) ስለሚገባ፣ የሚቀዳው ድምፅ ሜዳ ላይም ሆነ ቤት ውስጥ አንድ ነው። ቦታው በቅጂው ውስጥ የሚገባው በሕዝቡ መሃል በተተከሉት ማይክሮፎኖች በኩል ብቻ ሲሆን፣ የእነሱን ድምፅ ምን ያህል ከፍ እንደሚያደርግ የሚወስነው ሚክስ የሚያደርገው ሰው ነው። የመድረክ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሕይወት እንዲኖረው ከተፈለገ እንግዲህ ወይ ሕዝቡ ወይ እጁ መሰማት አለበት።

በ1989 የወጣው የለንደኑ ቅጂ ሁለቱንም ያጣ ነው። በጥቅምት 1988 በምሥራቅ ለንደን የመርከብ ማቆሚያ ላይ፣ በውኃ ላይ በተንሳፈፉ ጀልባዎች በተሠራ መድረክ፣ በነፋስና በዝናብ መሃል ለሁለት ምሽት የቀረበ ዝግጅት ነበር። ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ማደጉን የለመደ የጅማ አድማጭ ያን ዝናብ በቅጂው ውስጥ ቢፈልገው አያገኘውም፤ ሁሉም ነገር ታጥቦና ተተኩሶ ነው የቀረበው። የሚያድነው ሃንክ ማርቪን ነው። የሻዶውስ ባንድ ጊታር ተጫዋች የሆነው ማርቪን በገባባቸው ክፍሎች የጊታሩ ክር ድምፅ ከማሽኖቹ መሃል ብቅ ሲል ሙዚቃው ይነቃል።

በ1994 በሆንግ ኮንግ ስም የወጣውን ቅጂ ማንም ገንዘቡን እንዲያወጣበት አልመክርም። የሆንግ ኮንግ ስታዲየም ሲመረቅ የቀረበውን ኮንሰርት የያዘ ቢመስልም፣ አብዛኛው ይዘቱ የተቀዳው በ1993 ዣር በአውሮፓ ከተሞች ባደረገው ጉዞ ነው። በሽፋኑ ላይ የተጻፈው ከተማ በውስጡ ካልተገኘ አድማጭ ቅር ቢሰኝ አይፈረድበትም።

እዚህ ላይ ከራሳችን ሰው አንድ መመዘኛ ላምጣ። ኃይሉ መርጊያ በዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋችነቱና በአዲስ አበባ ሂልተን ምሽቶች የታወቀ፣ ከዣርም ጋር የአንድ ትውልድ ሰው ነው። በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዞ በዚያው ቀረ፤ በ1985 አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር ያዋሐደ ካሴት ብቻውን ሠራ፤ ከዚያም በዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሲነዳ ኖረ። ካሴቱ በ2013 ዳግም ታትሞ ወደ መድረክ መለሰው። በ2016 በብሩክሊን የተጫወተው ዝግጅት በ2023 በአልበም ወጥቷል፤ ከእሱ ጋር ያሉት ባስና ድራም ብቻ ናቸው። ሌዘርም፣ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃም የለም። ነገር ግን እያንዳንዱ የኪቦርድ ምት ከጣት መውጣቱ ይታወቃል፤ ሲሳሳትም፣ ሲደፍርም፣ ሲያመነታም ይሰማል። የሁለቱ ሰዎች ሥራ በዓይነቱ የተለያየ ስለሆነ ማበላለጥ አልፈልግም፤ ሆኖም የኃይሉን ቅጂ ከሰሙ በኋላ የዣርን ትልልቅ አልበሞች ማዳመጥ ጆሮን ጠያቂ ያደርገዋል።

ለዚህ ጥያቄ ዣር ራሱ የሰጠው ከሁሉ የተሻለ መልስ የ2007ቱ ቅጂ ነው። «ኦክሲዤን» የወጣበትን 30ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ፣ የቀድሞዎቹን የአናሎግ መሣሪያዎች ሰብስቦ፣ ዶሚኒክ ፔሪየን፣ ፍራንሲስ ራምቤርንና ክሎድ ሳማርን ይዞ፣ ያለ ኮምፒውተርና ያለ ፕሌይባክ ሙሉ አልበሙን ከዳር እስከ ዳር ተጫወተው። ታዳሚ አልነበረም፤ አራት ሰዎችና ካሜራዎች ብቻ ነበሩ። ከላይ የተናገርኩት የሕዝቡ ድምፅ እዚህ ፈጽሞ የለም፤ እጁ ግን አለ፣ ደግሞም በብዛት አለ።

አሮጌ አናሎግ ሲንተሳይዘር ድምፁን የሚያመነጨው በኤሌክትሪክ ቮልቴጅ በሚመራ ዑደት ሲሆን፣ ክፍሎቹ ሲሞቁ ቅኝቱ ይንሸራተታል። ተጫዋቹ አንዱን እጁን በኪቦርዱ ላይ፣ ሌላውን በማስተካከያው ላይ አድርጎ እየጠበቀው ይጫወታል እንጂ እንደ ዘመኑ ዲጂታል ኪቦርድ ከፍቶት አይረሳውም። በዚህ ቅጂ ውስጥ ሁለት መሣሪያዎች አንድ ዜማ ሲጋሩ በመካከላቸው የሚፈጠረው ጥቂት ልዩነት ድምፁን ያወፍረዋል፣ ያንቀጠቅጠዋልም። «ኤሚነንት» የተባለው የሆላንድ ኦርጋን ድምፁ ፌዘር በተባለው ድምፅን በሚያወዛውዝ መሣሪያ ውስጥ አልፎ ሲወጣ የሚሰጠው የሚዋዥቅ የክር ድምፅ ደግሞ የመጀመሪያው አልበም ዋና መለያ ነበር፤ እዚህ ከ1976ቱ ይበልጥ ጠርቶ ይሰማል። በሁለት ክፍሎች መካከል የተጨመሩት መሸጋገሪያዎች አዲስ ናቸው፤ አራቱ ሰዎች እርስ በርስ እየተጠባበቁ ድምፅ የሚፈልጉባቸው እነዚህ ደቂቃዎች፣ የታወቁት ዜማዎች ራሳቸው የማይሰጡትን ደስታ ሰጥተውኛል። ጉድለቱ ለዋናው ሥራ ያለው አክብሮት መብዛቱ ነው። «ኦክሲዤን 4» ላይ ሲደርሱ አራቱም ተጫዋቾች ዜማውን እንዳይሰብሩት እንደ ብርጭቆ የያዙት ይመስላል፤ ቻይና ላይ የነበረው ድፍረት እዚህ የለም።

ስለ ማዳመጫው ሁኔታም መናገር ተገቢ ነው፤ ሸክላውም ሆነ ሲዲው በከተማችን ሱቆች የሚገኝ ስላልሆነ አብዛኞቻችን የምንሰማው በስልክ፣ በዩቲዩብ ወይም ከሰው ወደ ሰው በፍላሽ በሚዞሩ ፋይሎች ነው። የስልክ ድምፅ ማጉያ ባስ የሚባለውን ነገር ስለማያወጣ፣ የዣር ሙዚቃ በእሱ ሲሰማ ግማሹ ይጎድላል፤ ቀላል የጆሮ ማዳመጫ እንኳ ነገሩን ይለውጠዋል። የቻይናው ቅጂ ዝግ ያሉ ክፍሎች ስላሉት ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ሲደበድብ ወይም ባጃጅ በደጅ ሲመላለስ ይዋጣል፤ በረጋ ሰዓት መስማት ይሻላል። የሂዩስተኑ ግን ምንም ዓይነት ጫጫታ አይበግረውም፤ ለዚያ ተብሎ የተሠራ ነውና። ዩቲዩብ ላይ የሚገኙ የዝግጅቶቹ ፊልሞች ዳታ ይበላሉ፣ ዓይንንም ይይዛሉ፤ ድምፁን ብቻ ወስዶ ማዳመጥ ለኪስም ለጆሮም ይበጃል። አልበሞቹ በየጊዜው እንደገና ሲታተሙ የክፍሎቻቸው ቅደም ተከተልና ርዝመት ተለዋውጧልና፣ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ቅጂ ሲነጋገሩ የትኛውን እትም እንደያዙ አስቀድመው ቢጠያየቁ ከከንቱ ክርክር ይድናሉ።

ከቅርብ ጊዜ ቅጂዎቹ ሁለቱን በአጭሩ አልፋቸዋለሁ። ታኅሣሥ 31 ቀን 2020 ሌሊት፣ ዓለም በወረርሽኙ ቤቱን ዘግቶ በተቀመጠበት ወቅት፣ ዣር በፓሪስ ስቱዲዮ ውስጥ ሆኖ ተጫወተ፤ ምስሉ ግን በ2019 በእሳት በተጎዳው የኖትርዳም ካቴድራል ኮምፒውተር ሠራሽ አምሳያ ውስጥ ለተመልካች ቀረበ። በዓመቱ የወጣው ቅጂ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ የዳንስ ምቱም ጠንካራ ነው። ወጣቱ ኦርጋን ተጫዋች ከሁሉም አብልጦ የወደደው ይህንን ነው፤ በዚህ ጉዳይ አልተስማማንም። እሱ የወደደለት የከበሮው ጥራት ለእኔ የእጅ መጥፋት ነው። ዣር በ75 ዓመቱ፣ በታኅሣሥ 25 ቀን 2023፣ የቬርሳይ ቤተ መንግሥትን 400ኛ ዓመት ለማክበር በመስተዋት አዳራሹ ውስጥ ያቀረበው ዝግጅትም በተከታዩ ዓመት በአልበም ወጥቷል። አዳራሹ 73 ሜትር ይረዝማል፣ 357 መስተዋቶች አሉት፤ በድንጋይና በመስተዋት መካከል ድምፅ እንዴት እንደሚንከራተት ለመስማት ጓጉቼ ነበር የከፈትኩት። ከዚያ ሁሉ አንድም ነገር ወደ ቅጂው አልገባም፤ የታወቁት ዜማዎች በአዲስ ምት ታጅበው፣ በየትኛውም ስቱዲዮ ሊሠሩ በሚችሉበት መልክ ይሄዳሉ። አዳራሹን ማየት ለሚፈልግ ሰው ፊልሙ አለለት፤ ድምፁን ብቻ ለሚያዳምጥ ግን ጥቅል የሚያስገዛ ቅጂ አይደለም።